የግንባታ ፈቃዱ ክስ፦ ቅዳሜ 8፡00 ሰዓት በእድራችን አዳራሽ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

በሰፈራችን ለሚካሄደው ቁፋሮ የተሰጠውን የግንባታ ፈቃድ በመቃወም ባቀረብነው ክስ፣ ፍርድ ቤቱ ወደ ፍሬ ነገሩ (ወደ ዋናው ክርክር) ሳይገባ ተከሳሾች ባነሱት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ክሱ ከመነሻው ሊታይ አይገባም በሚል ክርክር) ላይ ብይን ይሰጣል። ለመልሳችን ማስረጃ ለማሟላት ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት እንገናኝ።

መቃወሚያዎቹ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ክሱ በይርጋ ታግዷል (የማቅረቢያ ጊዜው አልፏል)፣ ከሳሾች በጉዳዩ ጥቅም የላቸውም የሚሉ ናቸው። አንዱ እንኳ ከጸና ስለ ቁፋሮው ምስክር ሳይሰማ መዝገቡ ይዘጋል።

በጣም የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33(2) ከሳሽ በክሱ መብት ወይም ጥቅም እንዳለው እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ «ሰፈሩን ያበላሻል» ማለት አይበቃም። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ቦታ ደግሞ ከታች ሲቆፈር የሚጎዳው ከላይ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ከግድግዳችሁ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለኩ፤ ስንጥቅ ካለ ሜትሩን አጠገቡ አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። የይዞታ ካርታ ኮፒም አምጡ።

ለይርጋው፣ ለማዘጋጃ ቤት ያስገባችሁትን አቤቱታ የመዝገብ ቤት ገቢ ማህተምና ቀን ያለበትን ቅጂ ፈልጉ። ማህተም የሌለው ኮፒ መቼ እንደገባ አያስረዳም።

መምጣት የማትችሉ በማን በኩል እንደምትልኩ ጭምር እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልን።