በፍልሰታ ወቅት በጃፓን ገበታ ዙሪያ፤ ለጉዞ አምዳችሁ የተጻፈ አስተያየት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በነሐሴ ወር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ፍሎሪዳ መዝናኛ ፓርኮች ለሚሄዱ ቤተሰቦች በጉዞ አምዳችሁ ያወጣችሁትን ምክር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የፍልሰታን ጾም የሚጾም ቤተሰብ ስንቁን ቋጥሮ እንዲሄድ፣ በተለይም ምግቡ በእንግዳው ፊት በጋለ ብረት ላይ ከሚጠበስበት የቴፓንያኪ ቤት እንዲርቅ መክረዋል። ምክንያታቸውም ሥጋው፣ ሽሪምፑና አትክልቱ በአንድ ብረት ላይ ስለሚበስሉ ጿሚው ሳያውቅ ይገድፋል የሚል ነው። ስጋታቸው መሠረት ያለው ቢሆንም መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም። ጿሚው አስቀድሞና በግልጽ ከተናገረ በዚያ ገበታ ላይ ጾሙን ሳያጓድል ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ ጋር ሊበላ እንደሚችል ስላየሁ፣ ጉዳዩ በጋዜጣችሁ በኩል እንዲታረም ይህን እጽፋለሁ።

በአሜሪካ ለምንኖር ቤተሰቦች ጥያቄው በየዓመቱ የሚመጣ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ኦገስት 7 ይገባና ለአሥራ አምስት ቀናት ይጾማል። በእኛ በቨርጂኒያና በአጎራባቿ ሜሪላንድ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት ወደ ኦገስት መጨረሻ ስለሆነ፣ ወላጆች ከሥራ ፈቃድ ወስደው ልጆቻቸውን የሚያዝናኑበት ጊዜ በትክክል ጾሙ ላይ ይወድቃል። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃናት ሳይቀሩ ተሽቀዳድመው የሚጾሙት፣ አያቶችም ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጾም ነው። ስለዚህ «ጾሙ እስኪፈታ ጠብቁ» ማለት ለብዙዎቻችን ጉዞውን መሰረዝ ማለት ይሆናል፤ «ስንቅ ያዙ» ማለትም ሌላው ሰው ገበታ ላይ ተቀምጦ ሲበላ አያትየዋ ከቦርሳቸው ቆሎ እያወጡ እንዲቆረጥሙ መፍረድ ነው። የዲስኒ ፓርኮች ስንቅ ይዞ መግባትን እንደማይከለክሉ አውቃለሁ፤ ቀን በሰልፍ መካከል ዳቦና ፍራፍሬ መያዝም ተገቢ ነው። እኔ የምናገረው ግን ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ ስለሚቀመጥበት ስለ እራቱ ነው።

የእኛ ቤተሰብ እራቱን የበላው ኦርላንዶ አቅራቢያ በሚገኘው ኤፕኮት በተባለው የዲስኒ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነበር። ኤፕኮት በ1982 የተከፈተ ሲሆን፣ በሐይቁ ዙሪያ ከተደረደሩት የአሥራ አንድ አገሮች ሥፍራዎች አንዱ የጃፓን ነው። በዚያ ሥፍራ ቴፓን ኤዶ የተባለው ምግብ ቤት የጥንቱ የጃፓን ነጋዴ ድርጅት ሚትሱኮሺ ከሚያስተዳድረው ሱቅ በላይ ይገኛል። በአንድ ገበታ ዙሪያ ስምንት ሰው ስለሚቀመጥ፣ ቤተሰቡ አነስ ካለ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጋራል። ከእኛ ጋር የተቀመጡት ባልና ሚስት የበሬ ሥጋ አዘዙ፤ ከጎንደር ለጉብኝት የመጡት አማቴ ደግሞ ጿሚ ነበሩ። ጋዜጣችሁ የፈራው ሁኔታ በሙሉ በዚያ ገበታ ላይ ነበረ ማለት ነው።

ቦታ ማስያዝ የሚቻለው ከስድሳ ቀን በፊት ጀምሮ ስለሆነ፣ ባለቤቴ በሰኔ መጀመሪያ ላይ ስታስይዝ ሥጋ፣ የባሕር እንስሳ፣ ዕንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የማይበሉ ሰው እንዳሉ አስመዝግባ ነበር። እንደደረስንም ለአስተናጋጇ ደገመችላት፤ ሼፉ ሲመጣ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ነገረችው። ሼፉ ምንም ሳይቆጣ አማቴን ራሳቸውን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ አያቸውና ሥራውን ከእርሳቸው ጀመረ። ገና ሥጋ ያልነካውን ብረት ውኃ አፍስሶበት እንፋሎቱ እየተንጫጫ ሲነሣ በሰፊው መፋቂያ ጠርጎ፣ በታጠፈ ጨርቅ ደጋግሞ ወለወለው። ከዚያ በእርሳቸው በኩል ባለው ጥግ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ከሶያ ባቄላ የተሠራውን ቶፉ፣ ዝኩኒውን፣ ሽንኩርቱንና እንጉዳዩን ጠበሰ፤ ከሳህናቸው ላይ ካደረገላቸው በኋላም መገልበጫውን ለውጦ ወደ ሥጋው ሄደ። የሽንኩርት ቀለበቶችን ደርድሮ እሳተ ገሞራ ሲሠራና ጭሱ ከጫፉ ሲወጣ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። አማቴም አማትበው በሉ። ከጎናችን የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ ከብዷቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሽታ ጾም አያስፈታም፤ ይልቅስ የልጁ እጅ ይባረክ» አሉኝ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይቃናል ማለቴ አይደለም። በምንኖርበት አካባቢ ባለ ሌላ የዚሁ ዓይነት ምግብ ቤት፣ አንዴ ብቻ ለአስተናጋጁ ነግረን ዝም በማለታችን ሼፉ ሩዙ ላይ ዕንቁላል ሰብሮ ቀላቀለው። አማቴም «አታስቸግሩት» ብለው ሳህናቸውን ወደ ልጆቹ ገፍተው ጾማቸውን አደሩ። ያን ምሽት ሳስታውሰው አሁንም ያንገበግበኛል። ይህ ይሉኝታ የብዙ እናቶቻችን ጠባይ ነው፤ የሚያከብሩት አስተናጋጁን ነው፣ የሚራቡት ግን እነርሱ ናቸው። ሊናገርላቸው የሚገባው ቋንቋውን የሚችለው ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ነው።

እንግዲህ አምዳችሁ «ራቁ» ከሚል ይልቅ ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢዘረዝር የበለጠ ይጠቅም ነበር፤ የተደበቀው ነገር ብዙ ነውና። በአሜሪካ ብዙ የቴፓንያኪ ቤቶች አትክልቱን የሚጠብሱት በነጭ ሽንኩርት በታሸ ቅቤ ነው፤ የሚጠበሰው ሩዝ ዕንቁላል አለበት፤ በትንሽ ሳህን የሚቀርበው ነጣ ያለ ማጥቀሻ በማዮኔዝ የተሠራ ስለሆነ እርሱም ዕንቁላል አለበት። ከሁሉ የሚያሳስተው ቀድሞ የሚመጣው ሾርባ ነው፤ ሲያዩት ባቄላና ቅጠል ብቻ ይመስላል፣ መረቁ ግን ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ነጭ ሩዝ፣ በዘይት የተጠበሰ አትክልት፣ ቶፉና ሶያ ሶስ ግን ለጿሚ ይሆናሉ። ሽሪምፕን በተመለከተ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ ስለተከለከለ፣ ይህን ሥርዓት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ጥያቄው በፍስክም ወራት የሚኖር ነው። ሙስሊም ወገኖቻችንም በዚሁ ገበታ ሲቀመጡ ከሥጋው አስተራረድ በተጨማሪ ስለ አልኮል መጠየቅ አለባቸው፤ ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥና ሚሪን የተባለው ጣፋጭ የማብሰያ ወይን በብዙ የጃፓን ሶሶች ውስጥ ይገባሉ፤ እሳቱን ለትዕይንት ለማንደድም አንዳንድ ሼፎች አልኮል ይጠቀማሉ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ልማድ እንዲቀር እለምናለሁ። አንዳንድ ወገኖቻችን ማስረዳቱ ሲረዝምባቸው «አለርጂ አለብኝ» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ኩሽናው አለርጂ ሲባል ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር መሆኑን አስቦ የተለየ ዕቃና የተለየ ጥንቃቄ ያዘጋጃል፤ ያን ጥንቃቄ በእውነት የሚያስፈልገው ሕፃን ሌላ ገበታ ላይ ሊኖር ይችላል። «በሃይማኖቴ ምክንያት እጾማለሁ፤ ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር አልበላም» ማለት በቂ ነው፤ በዘመኑ አነጋገር ቪጋን የሚለውንም ሁሉም አስተናጋጅ ያውቀዋል።

ይህ ጥያቄ ለጃፓን ምግብ አብሳይ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብም ካለ ተሳስቷል። ጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ675 ዓ.ም. የላም፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ሥጋ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት እንዳይበላ ያወጀባት፣ የበሬ ሥጋ በይፋ የተለመደውም ንጉሠ ነገሥት ሜጂ በ1872 ከበላ በኋላ የሆነባት አገር ናት። የቡድሃ መነኮሳቷ ሾጂን ሪዮሪ የሚሉት፣ ሥጋም ዓሣም ዕንቁላልም የሌለበት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የሚከለከልበት የምግብ አሠራር አላቸው፤ ከእኛ ጾም በዚህ ይጠብቃል። ቴፓንያኪው ራሱ በአንጻሩ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በ1945 በኮቤ ከተማ ሚሶኖ የተባለ ምግብ ቤት እንደጀመረው ይነገራል፤ ወደ አሜሪካ አምጥቶ በቢላ ትዕይንት ያስወደደው ደግሞ በ1964 በኒውዮርክ ቤኒሃና የተባለውን ምግብ ቤት የከፈተው ሂሮአኪ አኦኪ ነው። ሥጋውና ሽሪምፑ በዚህ ገበታ ላይ የነገሡት ለአሜሪካውያን ምርጫ ተብሎ እንጂ፣ ያለ ሥጋ ማብሰል ለጃፓን ማዕድ ነውር ሆኖ አይደለም።

ጋዜጣችሁን በተመለከተ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ያንን ምክር በሚቀጥለው እትም እንድታስተካክሉት ነው። ሁለተኛው፣ ቤተሰቦች ቦታ የሚያስይዙበት ጊዜ ሰኔ ስለሆነ፣ ከፍልሰታ ቀደም ብላችሁ በሰኔ እትማችሁ ላይ ለጿሚዎች የሚሆኑና የማይሆኑ ምግቦችን፣ ለአስተናጋጁ የሚነገረውንም ቃል በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን በትንሽ ሣጥን ውስጥ አውጡልን። ቆርጠው በቦርሳቸው ለመያዝ እንዲመቻቸው፣ ፊደሉ አያቶች ያለ መነጽር የሚያነቡት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ