ሳትቆልፊ አትግቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ከጉልበቱ በቀር ምንም አላለም። እንቅልፍ የነሣሽኝ አንቺ ነሽ። እሑድ አክስትሽ ዋሽንግተን ስቴት ካለችው ከኬንት ደውላ እየሳቀች ነገረችኝ፤ በምትሠሪበት መጋዘን መደርደሪያ የሚሸከሙት ሮቦቶች በሚመላለሱበት ሜዳ ውስጥ ካርቶን ወድቆ፣ ሜዳው ሳይዘጋ አጥሩን አልፈሽ ገብተሽ አነሣሽው አሉ። አለቃሽም «ጎበዝ» አለሽ። እሷ ጉብዝናሽን ልታበስረኝ ነበር የደወለችው። እኔ ግን ያን አለቃሽን ባገኘው ደስ ባለኝ።

ልጄ፣ ማሽኑን አቁመሽ ዳግም እንዳይነሣ ሳትቆልፊ አትግቢ።

የእናት ፍርሃት ነው ብለሽ እንዳታልፊው ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እነዚያ ጠፍጣፋ ሮቦቶች መሬት ላይ የተለጠፈውን ኮድ በሆዳቸው ካሜራ እያነበቡ ነው የሚሄዱት። የትኛው እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚጠብቅ የሚወስነው ማዕከላዊው ኮምፒውተር ነው፤ በሱ ካርታ ላይ ደግሞ አንቺ የለሽም። የተጫነ መደርደሪያ ከ500 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ያን የሚያህል ጭነት ብሬክ ስለያዘ ብቻ ባለበት ቀጥ አይልም፤ ቀጥ ቢልም ከላይ የተደረደረው ዕቃ ወደፊት ይወረወራል። ምልክት የሚያስተላልፍ ሰደርያ ሰጥተውኛል እንዳትዪኝ። ሰደርያው ሮቦቶቹን ያዘገያል፣ መንገድ ያስቀይራል፤ ጥሩ ነገር ነው። ባትሪው ሲያልቅ ግን ተራ ልብስ ነው። መጀመሪያ የምትገቢበትንና የምትወጪበትን ረድፍ ስክሪኑ ላይ ዝጊ፣ መዘጋቱን አረጋግጪ፣ በዙሪያው ያሉት መቆማቸውን በዓይንሽ እዪ፣ ከዚያ በሩን ክፈቺ። ስትወጪም የተለጠፈውን ኮድ በእግርሽ አትፋቂው። አንዱ ኮድ ከቆሸሸ ሮቦቱ ያለበትን ያጣና ይቆማል፣ ከኋላው ያሉት ይደረደራሉ፣ ከዚያ ደግሞ «ቶሎ ግቢና አንሺው» የሚል ይመጣል። የፓሌት መጠቅለያ ፕላስቲክም ካየሽ እንዲነሣ አድርጊ፤ ጎማ ላይ ከተጠመጠመ ሌላ ጣጣ ነው።

አጥር የሌላቸው፣ ከሰው መሀል የሚሄዱት አዳዲሶቹም ቢሆኑ ያያሉ ሲባል ሁሉን ያያሉ ማለት አይደለም። ለደህንነት የተገጠመላቸው የሌዘር ስካነር አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ መስመር ነው የሚቃኘው። ቁርጭምጭሚትሽን ያያል። ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የፎርክሊፍት ሹካ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ጭነት ግን ከመስመሩ በላይ ነውና ላያየው ይችላል። ተንበርክከሽ ወደ መተላለፊያው የዘረጋሽው ክንድም እንደዚያው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወደ ጥገና ክፍል ልትዛወሪ ነው አሉ፤ ደስ ብሎኛል፣ እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እናት። አማዞን ኪቫ የሚባለውን የሮቦት ኩባንያ በፈረንጆች 2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ሰው ከመጋዘን ሊባረር ነው ተብሎ ነበር። በ2025 የሮቦቶቹ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አለፈ፤ ሰውም ግን እስካሁን አለ። ሥራው ነው የተለወጠው። ለሰው የቀረለት የወደቀውን ማንሳት፣ የተቀረቀረውን ማላቀቅ፣ የተበላሸውን መጠገን ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ማሽን በደህና ሲሠራ ማንም አይጠጋውም። ሲቆም ነው ሰው እጁን የሚያስገባው። የቆመ ደግሞ የጠፋ ማለት አይደለም፤ የሆነ ምልክት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ዕቃ የሚያጓጉዘውን ቀበቶ፣ ኮንቬየሩን ተመልከቺ፤ ካርቶን ተቀርቅሮ ሲቆም ያቆመው ሴንሰሩ ነው። ካርቶኑን ስትስቢው ሴንሰሩ መንገዱ ነጻ ነው ብሎ ያነብና ቀበቶው በራሱ ይነሣል፣ እጅሽ እዚያው እንዳለ። የአጎትሽን ቀኝ እጅና የወፍጮ ቤቱን ቺንጋ አልደግምልሽም፣ ታውቂዋለሽ።

ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ተጭኛለሁ ብለሽም አትግቢ። እሱ የሚያቆመው በመቆጣጠሪያው በኩል ነው እንጂ ኃይሉን ከምንጩ አይቆርጥም፤ ማንም አላፊ አዙሮ ይለቀዋል። የበሩ ሴንሰርም እንደዚያው። ሳትቆልፊ አትግቢ የምልሽ ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉን ማሠልጠኛ ላይ ይነግሩሻል፣ እኔም ልድገመው። በማሽኑ የሚሠሩትን ልታጠፊ መሆኑን ንገሪ። በተለመደው መንገድ አጥፊው። ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች አውርጂ፣ ማሽኑን የሚገፋውን የታመቀ አየር ቧንቧም ዝጊ፤ አንዱን ብቻ ዘግቶ መግባት የተለመደ ጥፋት ነው። በሁለቱም ላይ የራስሽን ጓጉንቸርና ስምሽ ያለበትን ካርድ አድርጊ። ቁልፉ ኪስሽ ይግባ፣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ጓጉንቸር ነው፤ «የኔ ይበቃል» የሚልሽን አትስሚ። ከዚያ የተጠራቀመውን ኃይል አስወጪ፦ አየሩን ልቀቂና የግፊት መለኪያው ጌጅ ዜሮ ማለቱን እዪ። የሞተር መቆጣጠሪያው ውስጥ መብራት ከጠፋም በኋላ የሚቀር ኃይል አለ፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቂ፣ ብዙዎቹ 5፣ አንዳንዶቹ 15 ይላሉ። የቮልት መለኪያሽን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቂው ላይ ሞክሪው፣ ከዚያ የዘጋሽውን ለኪ፣ ከዚያ ተመልሰሽ የመጀመሪያውን ለኪ። ይህን የማያደርጉ የተበላሸ መለኪያ «ዜሮ» ሲላቸው ያምኑታል። በመጨረሻ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭነሽ አለመነሣቱን አረጋግጪና ወደ መጥፊያው መልሺው።

ዕቃ ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ብሬኩ በስፕሪንግ ይይዛል፣ በኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ያስተማምናል። ብሬኩ ያለው ሞተሩ ላይ ከሆነና ሞተሩን ከፈታሽው ግን የሚይዘው ነገር የለም፣ በክብደቱ ይወርዳል። ብሎን ከመንካትሽ በፊት በፒን ወይም በብረት መደገፊያ አሥሪው።

በፈረንጆች ጃንዋሪ 25 ቀን 1979፣ በእኛ ጥር 17 ቀን 1971፣ ሚሺጋን ውስጥ ፍላት ሮክ በሚባል ቦታ በፎርድ ፋብሪካ የሚሠራ ሮበርት ዊልያምስ የሚባል የ25 ዓመት ልጅ ሞተ። በሮቦት የተገደለ የመጀመሪያው ሰው ይሉታል። ሥራው ምን ነበር መሰለሽ? መጋዘን ነው! ከመደርደሪያ ዕቃ የሚያመጣው ማሽን በትክክል አልሠራ ሲል፣ ዕቃውን በእጁ እንዲያወርድ ወደ መደርደሪያው ወጣ። ማሽኑ ግን አልጠፋም ነበር። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። ጓደኞቹ እስኪያገኙት ድረስ 30 ደቂቃ ያህል እዚያው ነበር፤ ማሽኑም ሥራውን አላቋረጠም። በ1983 ፍርድ ቤት አምራቹ ለቤተሰቡ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። እናቱ ምን ታድርገው? አንቺም ዘንድሮ 25 ሞልቶሻል፤ ለዚህ ነው አክስትሽ ስትስቅ ያልሳቅሁት።

ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመቆለፍ ደንብ ቁጥሩ 1910.147 ነው፤ የዋሽንግተን ስቴት የራሱን 296-803 ብሎ አውጥቷል። ጓጉንቸሩንም ሥልጠናውንም ማቅረብ የአሠሪሽ ግዴታ ነው፣ ከደመወዝሽ አትግዢ። «ሁለት ሰከንድ ነው» ሲሉሽ፣ ዛሬ ያጨበጨበልሽ አለቃ ነገ ምርመራ ሲመጣ «አጥሩን እንዳታልፍ ነግሬያታለሁ» እንደሚል እወቂ።

ባትሪውንም አትናቂው። እንግሊዝ አገር አንዶቨር የነበረው፣ አስቤዛ በኢንተርኔት የሚሸጠው የኦካዶ ኩባንያ መጋዘን በ2019 የተቃጠለው ከአንድ ቻርጀር በተነሣ ብልሽት ነው፤ በ2021 ደግሞ ኤሪዝ ባለው መጋዘናቸው ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሣ። የተጋጨ ሮቦት ደህና ቢመስልም ሳይመረመር ቻርጀር ላይ አትስቀዪው። ባትሪው ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም እንግዳ ሽታ ካመጣ ራቂ፣ አሳውቂ፤ ጀግና አትሁኚ።

ጸጉርሽን ወደ ላይ ሰብስቢው። ሐብልሽን ቤት ተይው፤ ማተብሽ ከሸሚዝሽ ሥር ይግባ፣ ክሩም ሲሳብ የሚበጠስ ስስ ክር ይሁን። ጓንቲ የሚሽከረከር ነገር አጠገብ አይደረግም። በሌሊት ሺፍት ጾመሽ እንዳትውዪ፤ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ይፈቅዱልሻል። በዚህ ወር ለእኛ ገንዘብ አትላኪ፤ ጣት የሚከላከል፣ የማያንሸራትት ጫማ ግዢበት። በርበሬና ሽሮ የሚያደርስልኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ለአክስትሽም ከዚያው አካፍያት። የሳቀችውን ይቅር ብያታለሁ።

ደግሜ ልበልሽ፣ ሳትቆልፊ አትግቢ። ረቡዕ ስትደውዪ ሁለት ነገር ጠይቀሽ ንገሪኝ፦ የጓጉንቸርሽ ሌላ ቁልፍ ማን ጋር ነው? ሺፍት ስትቀያየሩ ያልተጠናቀቀ ሥራ ላይ ያለውን ጓጉንቸር ማን ይረከበዋል? «አላውቅም» ካሉሽ እስኪያውቁ ድረስ መጥረጊያ ይዘሽ ቁሚ።

እናትሽ