በሐምሌ ወደ ካሪቢያን በመርከብ ለምትጓዙ ቤተሰቦች

ውድ አባላት፣

ከማያሚ ተነስተን ኮዙሜል፣ ግራንድ ካይማንና ጃማይካ እንወርዳለን። ከሁሉ በላይ አደራ የምንላችሁ ሰዓትን ነው። ሦስቱም ቦታዎች በበጋ ሰዓታቸውን አይቀይሩም፤ ስለዚህ በሐምሌ ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው። መርከቡ በማያሚ ሰዓት ከቀጠለ፣ የየብሱን ኔትወርክ የያዘ ስልክ ከሰዓት በኋላ 3፡30 ሲል የመርከቡ ሰዓት 4፡30 ነው፤ የመሳፈሪያው መሰላል ሊነሳ ይችላል። የስልኩን ራስ-ሰር ሰዓት አጥፉና ከመውረዳችሁ በፊት ከመርከቡ ጋር አስተያዩ። ይህን 4፡30 ለእናትና ለአባት ስትነግሩም በእኛ አቆጣጠር 10፡30 በሏቸው።

በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በግል የተያዘውን ግን ጥሎ ይሄዳል። ያኔ በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ የልደት ሰርተፍኬት ብቻ አይበቃም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ፓስፖርታችሁንም ያዙ፤ የየአገሩን የቪዛ ደንብ በፓስፖርታችሁ ዜግነት አጣሩ።

ግራንድ ካይማን ላይ መርከቡ መልህቅ ጥሎ ስለሚቆም በትንሽ ጀልባ ነው የሚወረደው። የልጅ ጋሪ ታጥፎ፣ ልጅ ታቅፎ ይሁን። ለመመለስ ሰልፍ ስላለ የመጨረሻውን ጀልባ አትጠብቁ። ስቲንግሬይ የሚባሉ ጠፍጣፋ ዓሦች በሚገኙበት ስቲንግሬይ ሲቲ ውኃ ውስጥ ስትገቡ እግራችሁን ሳታነሱ በአሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ተራመዱ፤ ዓሦቹ ሲረገጡ ነው በጭራቸው የሚወጉት። ልጆችን ይህን ጀልባው ላይ ሳሉ አለማምዷቸው።

ጃማይካ ውስጥ ሲቪል ሰው የወታደር መልክ ያለው ዥጉርጉር ልብስ መልበስ ክልክል ነው፤ የልጆቹን ሻንጣም ፈትሹ።