ፊልም በነጻ ማዋስ አይቅር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

“ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት ፊልም ማዋሱን ይተው” ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። በፍጹም አልስማማም። ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ የለም። ፊልም በኢንተርኔት ከሚያሳዩ ድርጅቶች ብዙዎቹ በየወሩ ያስከፍላሉ፤ የማሳያ ፈቃዳቸው ሲያበቃ ደግሞ ፊልሙን ያነሱታል። ቤተ መጻሕፍቱ የገዛው ዲቪዲ ግን ፈቃድ አበቃ ተብሎ ከመደርደሪያው አይነሳም።

ደግሞስ አንድ ዲቪዲ ስንት ቤት ይገባል! መስማት የተሳነው ሰው ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበበ ይከታተለዋል። ቋንቋ የሚማር ሰው ያልገባውን ንግግር ወደኋላ እየመለሰ ያዳምጣል። ቤቱ ፈጣን ኢንተርኔት የሌለውም (እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው) ሳይቆራረጥበት ያያል። የድሮ ዘጋቢ ፊልሞችንማ ገበያው ከረሳቸው ቆየ።

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እና ዩኔስኮ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በ2022 ያደሱት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ነጻ ይሁን ይላል። ክምችቱም መጽሐፍ ብቻ እንዲሆን አይፈልግም።

“ዲቪዲ ማጫወቻ ማን አለው?” ለሚሉ፦ እሱንም አብሮ ማዋስ ይቻላል። በጀት የሚቆርጡ ኃላፊዎችም ከመወሰናቸው በፊት የውሰት መዝገቡን ገልጠው ይዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚ