ለደንበኞቻችን፦ ሲስተማችሁን አሁን እንዴት እንደምንጭን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ! ሰሞኑን ፒያሳም አቶቴም ያላችሁ ብዙዎቻችሁ "ድሮ ልጆቹ ፍላሽ ይዘው እየመጡ ይጭኑልን ነበር፣ አሁን ምነው ቀሩ" እያላችሁን ስለሆነ በደንብ እናስረዳችሁ ብለን ነው።

የሽያጭና የስቶክ ሲስተሙን አሁን የምናዘጋጀው በዶከር ኢሜጅ ነው፣ ማለትም ፕሮግራሙና እንዲሰራ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ከነቨርዥናቸው አንድ ላይ ይታሸጋሉ፣ ስለዚህ እኛ ቢሮ የሞከርነው ራሱ ነው እናንተ ሰርቨር ላይ የሚነሳው። ኢሜጁ በሌየር በሌየር፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ ነው የሚሰራው፤ ብዙ የማይቀየረውን ከታች፣ የኛን ኮድ ከላይ ስለምናደርግ አብዛኛውን ጊዜ አፕዴት ሲመጣ የሚወርደው የላይኛው ብቻ ነው፣ በሞባይል ዳታ ለምትጠቀሙ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፓስወርድ ግን ኢሜጁ ውስጥ በፍጹም አንከትም፣ ምክንያቱም በኋላ ብታጠፉት እንኳን የታችኛው ሌየር ላይ ይቀራል።

ሴቲንጉን ደግሞ ሰርቨሮችን ከሩቅ በሚያስተካክል አንሲብል በሚባል ፕሮግራም ነው የምናስተካክለው። የእያንዳንዳችሁ ፕሪንተር፣ የድርጅት ስም፣ ቫት፣ ሁሉም በየስማችሁ ፋይል ላይ ተጽፏል፣ አንሲብል በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ በተቆለፈ መስመር መግቢያ) ገብቶ ከፋይሉ ጋር ያልተስማማውን ብቻ ያስተካክላል።

ለምሳሌ ሰዓትን እዩ። ኮንቴይነር፣ ማለትም ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሰራው ፕሮግራም፣ ካልነገሩት በስተቀር የሚሄደው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ ከኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ። ሌሊት የምትሰሩ ሆቴሎች ከሌሊቱ 8 ሰዓት የቆረጣችሁት ሂሳብ በትናንትናው ቀን ይመዘገባል ማለት ነው፣ ጠዋት ካሸሯ ስትዘጋ ሂሳቡ አልገጥም ይላታል! እንደ አልፓይን (ትንሽ የሊኑክስ ዓይነት) ባሉት ትንንሽ ኢሜጆች ላይ ደግሞ የሰዓት ዞን ፋይሉ ራሱ ስለሌለ መጀመሪያ እሱን መጨመር ያስፈልጋል። ይሄን አንዴ ስለጻፍነው ሁሉም ጋ እኩል ይደርሳል፣ ማንም በየሱቁ እየዞረ አይነካካም።

ስለዚህ እባካችሁ ሰርቨሩ ላይ በእጃችሁ ምንም አትቀይሩ፣ አንሲብል በቀጣዩ ዙር ሲገባ ወደነበረበት ይመልሰዋል፣ ይልቅ ደውሉልንና ፋይሉ ላይ እንቀይረዋለን።

"ዳታዬስ?" ላላችሁን፣ ዳታቤዙ ያለው ከኮንቴይነሩ ውጪ ቮሊውም በሚባል የዳታ ማስቀመጫ ላይ ስለሆነ በአፕዴት አይነካም። ኮምፒውተር የሚያጸዳላችሁ ልጅ ግን "ቦታ ይዟል" ብሎ የዶከሩን ቮሊውም እንዳያጠፋው ቀድማችሁ ንገሩት፣ እሱ ከጠፋ ዳታውም አብሮ ነው የሚሄደው፣ ባክአፕ ከሌለ ደግሞ እኛም አንመልሰውም።

አክባሪዎቻችሁ፣ ሐዋሳ