ስንት ነሽ?

ቀጮ፣

አትቆጪ። ቆይ፣ ተቆጪ፤ መብትሽ ነው። ግን መጀመሪያ አንብቢ። ሦስት ጊዜ ልደውልልሽ ስልኬን አንስቼ ሦስቱንም ጊዜ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ድምፅሽን ከሰማሁ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ደግሞ ትስቂብኛለሽ።

የእማማን ለቅሶ የቀረሁት ድሬዳዋ ሄጄ አይደለም። ይኸው፣ ተናገርኩት። ምንም የሥራ ጉዞ አልነበረም። እናንተ ድንኳን በተቀመጣችሁበት ሳምንት እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶ፣ ልቤ በደቂቃ 160 እየመታ። ወንድሜን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱን እንዳትቀየሚው። ብነግርሽ ለቅሶሽን ጥለሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው ያልነገርኩሽ። ይሄ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ... እንዴት ልበልሽ፣ ፈራሁ። የልብ በሽተኛ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈለግኩም። ከዚያ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ፣ አፍሬ ቀረሁ። አዳማ እኮ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን ይማር። የሚጠብሱልን በቆሎ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

በቃ፣ ይቅርታው ይሄው ነው። ረጅም ይቅርታ እንደማትወጂ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ አንቺ ካሳ ትከፍያለሽ። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ "ሰነፍ" ስትዪኝ የኖርሽው። ያኔ ጉልበቴ እያበጠ ሲያስቀረኝ፣ ሁሉም "የእድገት ነው" ያሉት፣ የእድገት አልነበረም። ያ በየክረምቱ የሚመላለስብኝ ቶንሲል ነው። በወጉ ካልታከመ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱንም ልብ ይጎዳል አሉ። የልብ በር፣ ሐኪሞቹ ቫልቭ የሚሉት፣ እየጠነከረ ይጠባል። ዓመታት ቆይቶ ሂሳቡን ያመጣል። በሩ ሲጠብ ከበላዩ ያለው የልብ ክፍል ይወጠራል፤ ሲወጠር ምቱ ይዛባል። እንጥሌን መቆረጤም ምንም አልፈየደም። ለከንቱ ነው ያን ሁሉ የጮኽኩት።

ለበዓል ተገዝቶ፣ እግሩ ታስሮ ጓዳ የተቀመጠ ዶሮ ታውቂያለሽ? ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ድንገት ይንፈራገጣል። ደረቴ ውስጥ እንደዚያ ነው። አንዳንዴ ደረጃ ስወጣ፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የሚያስፈራው ግን መንፈራገጡ አይደለም። የላይኛው ክፍል ሲርገበገብ ደሙ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል። የረጋው ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ዋርፋሪን። ረቡዕና ዓርብ ግማሽ ፍሬ ነው የምውጠው። ክኒኔም ይጾማል።

ብቻ የጻፍኩልሽ ስለ ልቤ ላወራሽ አይደለም። ስለ ወረፋችን ነው።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙን እየተመላለሰ ይለካል። ልኬቱን አይ ኤን አር ይሉታል። የጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። የእኔ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከወረደ መርጋት፣ ከወጣ መድማት። እና ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ በር ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንጠባበቅ ተዋወቅን። ስድስት ነን። እኛ ጋ "እንዴት አደርሽ" የለም። "ስንት ነሽ?" ነው ሰላምታው። አንድ ቀን ከስድስታችን አንዱ፣ ሻምበል፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አግኝተውኝ ከመንገዱ ማዶ "ስንት ነሽ?" ብለው ጮኹ። "2.4!" አልኩ። አብራኝ የነበረችው የቢሮ ልጅ እስካሁን በጥርጣሬ ነው የምታየኝ።

ሻምበል የወረፋው አለቃ ናቸው። ጡረተኛ ናቸው፣ ጆሯቸው ከበድ ይላል። ዶክተሩ ለእኔ ሦስት ደቂቃ ነው ያለው፤ አልፈርድበትም፣ ኮሪደሩን ብታይው አንቺም አትፈርጂበትም። ሻምበል ግን ቀኑን ሙሉ አላቸው። የልብ ምቴን መቁጠር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለጤነኛ ነው። የእኛ ልብ ሰልፍ አያውቅም። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ!" ዋርፋሪን ድሮ የአይጥ መርዝ ሆኖ ይሸጥ እንደነበር የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። እንባዬ ሲመጣ ደነገጡ መሰለኝ፣ "የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም እ.ኤ.አ. በ1955 ልባቸውን ሲያማቸው ወስደውታል። አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?" አሉኝ።

ትንሿ ደግሞ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በቀዶ ሕክምና የገባላት የብረት ቫልቭ ነው። ጸጥ ባለበት ቦታ አጠገቧ ብትቀመጪ እንደ ሰዓት ቂጭ ቂጭ ሲል ይሰማል። ፈተና ላይ አጠገቧ ያለው ልጅ "ሰዓትሽን አውልቂው" ብሏታል። እሷ ይሄን ስታወራ እንስቃለን፤ ቤቴ ብታወራው ግን እናቴ ታለቅስ ነበር። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ለሁዳዴ የሆንኩትን ስሚ። ጎመን በየቀኑ በላሁ። ቁጥሬ ወደ 1.3 ወረደ። ለካ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ያፈርሳል። ዶክተሩ መጠኑን ጨመረልኝ፤ እኔ ደግሞ ደንግጬ ጎመን የሚባል ነገር እርም አልኩ። ቁጥሬ ከ4 በላይ ዘለለ፣ ጥርሴን ስቦርሽ ደም በደም ሆንኩ። ከእኛ መሃል ጉልት የምትሸጥ አለች፤ የምትሸጠው ምን መሰለሽ? ጎመን! "ጎመን ምን አደረገሽ?" አለችኝ። "በሳምንት ሁለት ቀን ከበላሽ፣ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ብዪ። ዛሬ ድግስ ነገ ጦም አታድርጊው።" ኋላ ዶክተሩም ያንኑ ነው ያለኝ፤ እሷ ግን ቀድማዋለች።

"ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል" ሲባል የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚሠራ የምንደዋወለው እኛው ነን። ክኒኑ ከፋርማሲ ሲጠፋም እንበዳደራለን።

እና ሻምበል ጠፉ። አንድ ማክሰኞ ቀሩ፣ ዝም አልን። ሁለተኛውም ቀሩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ቤታቸውን የሚያውቅ የለም፤ ጎመን ሻጯ ብቻ "ሽሮ ሜዳ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች። ቅዳሜ አራት ሆነን ሄድን። ሱቅ ለሱቅ እየጠየቅን። ዳገቱን ስወጣ ዶሮዬ መንፈራገጥ ጀመረ፣ እየቆምኩ እየቆምኩ ነው የወጣሁት። በሩን ስናንኳኳ ድንኳን አለመኖሩን ነበር በዓይኔ የምፈልገው።

ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ያዳምጣሉ! ደብረ ብርሃን ለተዝካር ሄደው ከርመው፣ ስልኩ ውኃ ውስጥ ገብቶባቸው። "ልትቀብሩኝ ነው የመጣችሁት? ንፍሮ አልደረሰም" አሉን። ጎመን ሻጯ እያለቀሰች ሰደበቻቸው። ትንሿ ምንም ሳትናገር እጃቸውን ይዛ ምታቸውን መቁጠር ጀመረች፣ ሙሉ ደቂቃ። ክኒናቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ አንድ ቀን አላጓደሉም።

እዚያው ቡና ተፈላና አንድ ነገር ተስማማን። እያንዳንዳችን አንድ ነገር ብንሆን የሚደወልለትን ሰው ቁጥር እንሰጣጥ ተባለ። ትንሿ ደብተር አወጣች። የወንድሜን ቁጥር ስልኬን ካላየሁ አላውቀውም፤ ያንቺን ግን እጄ ራሱ ጻፈው። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልደወልኩበት ትዝ ያለኝ። ላጠፋው ነበር። አላጠፋሁትም።

እንግዲህ ሳላስፈቅድሽ ነው። እምቢ ካልሽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ልጅሽ ሁለተኛ ክፍል ገባ አይደል? ሳሚልኝ።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ሳምንት ከማታውቂው ቁጥር ከተደወለልሽ አንሺው። ሻምበል ናቸው፤ አዲሱን ስልካቸውን ይዘው ቁጥሮቹን በሙሉ ካልሞከርኩ ብለዋል። ጮክ ብለሽ አውሪ። "ስንት ናት?" ካሉሽ፣ ባለፈው ማክሰኞ 2.6 ነበርኩ።

ያንቺው ሰነፍ