ከወንፊት ያመለጠውን ነፋስ ይለየዋል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

አዳማ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሚፈጭበት ፋብሪካ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ብዙ ሰው ዱቄቱ በወንፊት የሚነፋ ይመስለዋል። ከ40 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የላመ ዱቄት ግን የወንፊቱን ዓይን ይደፍነዋል፤ እኛ የምንለየው በነፋስ ነው።

አባቴ አውድማ ላይ በመንሽ ሲያዘራ ገለባው በነፋስ ይሄዳል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል። የእኛም ማሽን ዘሩ ያው ነው፤ መሃሉ ላይ ግን የሚሽከረከር ባለ ክንፍ መዘውር አለው። ነፋሱ ቅንጣቷን ወደ ውስጥ ይስባታል፣ ሽክርክሪቱ ወደ ውጭ ይወረውራታል። ደቃቋ ከነፋሱ ጋር በክንፎቹ መሃል ታልፋለች፤ ሻካራዋ ወደ ወፍጮው ትመለሳለች። መዘውሩ ሲፈጥን የሚያልፈው ዱቄት ይበልጥ ይልማል።

ባለፈው ክረምት በመዘውሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ጎማ መሰል ማሸጊያ (ሲል) ተበላ፤ ሻካራው በክፍተቱ ሾልኮ ከደቃቁ ጋር ተቀላቀለ። ዱቄቱን በሁለት ጣቴ ሳሸው አሸዋ አሸዋ አለኝ። ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፤ «ምርት አይቁም» ተባልኩ። ዱቄታችንን የሚገዛው ቀለም ፋብሪካ አንድ ሙሉ ጭነት መለሰልን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል!

ወደ እኛ የሚመጡ ሠልጣኞች ሞተርና ብየዳ ያውቃሉ፤ ይህን ማሽን ግን አይተውት አያውቁም። የቴክኒክ ኮሌጆች እባካችሁ አስተምሯቸው፤ እኔም ያለኝን ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

የወፍጮ ኦፕሬተር፣ ከአዳማ